መስተዋቱን ስፖኪዮ አደረግነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንኳን ጾሙን በሰላም አስፈጸማችሁ ወገኖቼ። ፍልሰታ እንዴት ነበረች? እኛ ጋ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ጋ ማለቴ ነው፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቤተክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነው የሰነበተው። ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ፣ ከሰዓት ቅዳሴ፣ ዝናቡ ሲወርድ ድንኳን ስር ተጠጋግተን፣ ጭቃው ጫማ ከእግር እየነቀለ፣ ሕፃናቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ለቁርባን ሲሰለፉ ያየ ሰው ይሄ ሰፈር ገነት ነው ይላል። ከዛ 16 ገደፍን። 17 ላይ ሥጋውም ሐሜቱም ስድቡም ወደየቦታው ተመለሰ። ስለ ሌላ ሰው ላወራ አይደለም የተነሳሁት፣ ስለ ራሴ ነው፣ ግን ትንሽ ታገሱኝ።

የዛኑ የ16 ለት ማታ ጉባኤ ላይ ተራው የኔ ነበር። ከያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 1 ነው ያስተማርኩት፣ ቁጥር 22፦ «ቃሉን የምታደርጉ ሁኑ እንጂ ራሳችሁን እያሳታችሁ የምትሰሙ ብቻ አትሁኑ።» እውነቱን ለመናገር ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ በጣም የምወደው መልእክት ይሄ ነው፣ አምስት ምዕራፍ ብቻ፣ ቁጭ ብለህ ቡና ሳይፈላ ትጨርሰዋለህ። የጌታ ወንድም ያዕቆብ የኢየሩሳሌም ቤተክርስቲያን መሪ ነበር፣ የሚያስተዳድረው ሕዝብ አለ፣ ስለዚህ የሚጽፈው በአየር ላይ አይደለም። የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰው ሲገባ ወንበር ይሳብለታል፣ ድሃው ግን እዛ ቁም ይባላል፣ እሱን አይቷል። እርሻውን ያጨዱ ሠራተኞች ደሞዛቸው ተይዞባቸው ሲጮሁ ሰምቷል። ወንድሙ ታርዞ ተርቦ ሳለ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ የሚያሰናብተውንም ጽፎታል። እኛም እኮ አለን የዚህ ዓይነት ቃል፣ ታክሲ መስኮት ላይ እጅ ሲዘረጋ ዓይናችንን ሳናነሳ «እግዜር ይስጥልን» የምንለው። የእግዜርን ስም ጠርተን ነው የምንከለክለው፣ አስቡት።

ቁጥር 23 እና 24 ላይ ደግሞ መስተዋቱን ያመጣዋል። ቃሉን ሰምቶ የማያደርገው ሰው ፊቱን በመስተዋት አይቶ ይሄዳል፣ ወዲያውም ምን እንደሚመስል ይረሳል ይላል። በዛን ዘመን መስተዋት ማለት የተወለወለ ነሐስ ነው፣ እንደኛ ሳሎን ውስጥ የተሰቀለ ትልቅ ብርጭቆ እንዳይመስላችሁ፣ ፊትህን ለማየት ጠጋ ማለት አለብህ፣ ብርሃን ያስፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል። ይሄን ሁሉ ደክሞ አይቶ ወዲያው የሚረሳ ሰው ያሳዝናል።

እኔም ጉባኤው ላይ እዚህ ጋ ስደርስ አንድ ነገር መጣልኝና «እኛማ መስተዋቱን ስፖኪዮ አደረግነው!» አልኩ። ሹፌር ስፖኪዮ ላይ የሚያየው የራሱን ፊት አይደለማ፣ ከኋላው የሚመጣውን ነው። ስብከት ስንሰማ «ይሄ ለእገሌ ነው» እንላለን፣ ጥቅስ ስናነብ ባሌ በሰማት፣ አከራዬ ባነበባት፣ ያ ባለሱቅ ሚዛኑን የሚያጣምመው በሰማት እንላለን፣ እንዲያውም ስሙን ሳንጠራ ለሱ ብለን ስታተስ ላይ እንለጥፋታለን። ሰው ሳቀ፣ እናቶች እልል አሉ፣ አንዱ ወንድማችን በስልኩ ቀርጾ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለቀቀው። ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ቦታ ላይ ነው የወደቅኩት።

ሰፈራችንን የማታውቁት እንድትረዱ፣ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጂ ፕላስ 4፣ እኔ ምድር ቤት ነኝ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም ለሊት ነው የሚመጣው፣ ወደ 8 ሰዓት ገደማ፣ ያውም ጉልበት የለውም። ክረምቱ ከላይ ያወርደዋል፣ አሸንዳው ይጮሃል፣ ቧንቧው ደረቅ ነው፣ ይሄን ነገር እስካሁን መልመድ አልቻልኩም። እና አምና መሳቢያ ፓምፕ ገዛሁ። ፓምፑ ሲበራ መስመሩ ላይ ያለውን ውሃ ግጥም አድርጎ ወደ ሮቶዬ ይስበዋል፣ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ቧንቧውን ሲከፍት አየር ብቻ ነው የሚተነፍስለት። ይሄን አውቃለሁ። አላውቅም ብል እዋሻለሁ። ፓምፑ በጨርቅ ተጠቅልሎ እቃ ማጠቢያው ስር የተቀመጠው ለምን ይመስላችኋል? ድምፁ እንዳይሰማ ነው።

የዛን ለሊትም አበራሁት። ከጉባኤ መጥቼ፣ ጸሎቴን አድርሼ፣ ስልኬን 8 ሰዓት ላይ ሞልቼ ተኛሁ፣ ሲጮህ ተነስቼ ሶኬቱን ሰካሁት፣ ሮቶው ሞልቶ እስኪፈስ ጠብቄ ተመልሼ ተኛሁ። ምንም አልተሰማኝም። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ምንም። ከ6 ሰዓት በፊት «ራሳችሁን እያሳታችሁ» እያልኩ በማይክ ስጮህ የነበርኩት ሰውዬ ነኝ።

ጠዋት በር ተንኳኳ። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናታችን ናቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቢጫዋን ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ምን አሉኝ መሰላችሁ፣ «የትላንቱ ትምህርት አንጀቴን አራሰው ልጄ፣ ያ የመስተዋቱ ነገር፣ እመቤቴ ትጠብቅህ። እኛ ጋ ለሊት ውሃ አልወጣችም፣ ለቡና የሚሆን ትንሽ ብትቀዳልኝ።»

ነገር ቢገባቸው ኖሮ፣ ቢሳደቡ፣ ቢያሽሟጥጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ነው። ጀሪካኗን ሞላኋት፣ ባለ 20 ሊትር ናት፣ ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ከኋላዬ ቀስ እያሉ በየደረጃው ይመርቁኛል፣ «የሕይወትን ውሃ ያጠጣህ፣ ልጆችህን ይባርክልህ።» እኔ ደግሞ ከምርቃቱ መሸሻ አጥቼ እፈጥናለሁ። ጌታ በማቴዎስ 10፥42 አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም ብሏል፣ እኔ ግን የቀዳሁላቸው ከራሳቸው ድርሻ ነበር። ሰርቄ ነው የመጸወትኩት።

ከዛን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣው አባ እንጦንስ ነው። ጥር 22 የምናከብረው የመነኮሳት አባት። ታሪኩን የጻፈልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፣ ለእኛ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ያው የእስክንድርያው አትናቴዎስ። እንጦንስ ወላጆቹ ሲሞቱበት ከ18 እስከ 20 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ታናሽ እህት አለችው፣ ወደ 300 አሩራ ለም መሬት ወርሷል፣ አሩራ የግብጾች የመሬት መለኪያ ነው። አንድ ቀን ቤተክርስቲያን ሲገባ ወንጌል እየተነበበ ነበር፦ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ፥ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ»። እዛ ውስጥ ብቻውን አልነበረም፣ ያው ቃል ለሁሉም ነው የተነበበው። እሱ ግን ለእኔ ነው የተነበበው ብሎ ወጣና መሬቱን ለሰፈሩ ሰዎች ሰጠ፣ ዕቃውን ሸጦ ለድሆች በተነ፣ ለእህቱ ጥቂት አስቀረ። ሌላ ቀን ተመልሶ ሲገባ «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ሰማ፣ ያችንም ያስቀራትን ሰጠ፣ እህቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ብሎ ወጣ። ሁለት ጥቅስ ነው እኮ! እኔ ስልኬ ላይ ስንት የስብከት ኦዲዮ እንዳለ ባሳያችሁ ታፍራላችሁ፣ ሜሞሪው ሞልቶ ፎቶ አላነሳም ብሎኛል።

ሁላችሁም ቤታችሁን ሽጡና ገዳም ግቡ አላልኩም፣ ኮንዶሚኒየም ለመሸጥም ዕጣ ስንት ዓመት እንደተጠበቀ እናውቃለን። የእንጦንስ ነገር የሚያስቀናኝ በሰማበትና ባደረገበት መሀል ያለው ርቀት ማጠሩ ነው። በእኔ በኩል ያ ርቀት ከቤተክርስቲያን እስከ ሶኬት ነው፣ 10 ደቂቃ በእግር፣ እሱን መሻገር አቃተኝ።

የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ስነግራቸው ብዙ አልተቆጡኝም። «አሁን ምን እያነበብክ ነው?» አሉኝ። ያዕቆብን ጨርሼ ወደ ጴጥሮስ እየገባሁ ነው አልኳቸው። «አትጨምር፣ ምዕራፍ 1ን ኑረህ ስትጨርስ ወደ 2 ትሄዳለህ» አሉ። ከዛ ዘዳግም 6፥7ን አስታወሱኝ፣ እግዚአብሔር ቃሉን «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ያለውን። ተጫወተው! ይሄን ቃል የመረጡት ተርጓሚዎች ነፍሳቸውን ይማረው። ቃሉን ከቅዳሴ ቤት አውጥተህ ረከቦት ጋ አምጣው፣ ከሚስትህ ጋር፣ ከጎረቤት ጋር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አውራው ማለት አይደል? እኛ ጥቅሱን አክብረን ክፈፍ ውስጥ ሰቀልነው፣ ወይ ፕሮፋይል ፒክቸር አደረግነው፣ መጫወት ግን ተውን።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆጣ። ፍልሰታ ሙሉ አብረን «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ስንል የነበርን ሰዎች፣ ሳምንት ሳይሞላን ቲክቶክ ላይቭ ላይ ስለ ሃይማኖት እየተከራከርን የሰው እናት እንሳደባለን። ያው ያዕቆብ ቁጥር 26 ላይ አንደበቱን ሳይገታ የሚያመልክ ቢመስለው «የእርሱ አምልኮ ከንቱ ነው» ብሏል። ከንቱ ነው ያለው ጾሙንም ጭምር ይመስለኛል። ሰራተኛዋን የጾም ቀን ሳይቀር በረሃብ የምታስውል እመቤትም፣ የዕለት ሠራተኛ ቀጥሮ ማታ «ነገ ና» የሚል አሠሪም ይህችን መልእክት ያንብብ። አያችሁ አይደል፣ አሁንም ስፖኪዮዬን ማየት ጀመርኩ። ይብቃኝ።

ደግሞ ይሄን አንብባችሁ እኔማ አልጠቅምም ብላችሁ ተስፋ የምትቆርጡ ትኖራላችሁ። አትቁረጡ። ቁጥር 25 ፍጹሙን ሕግ ተመልክቶ «የሚጸናበት» ነው የሚለው፣ አንዴ አይቶ ቆንጆ ሆኖ የተገኘ አላለም። ፊቱ ላይ ጥቀርሻ ያየ ሰው መስተዋቱን አይሰብርም፣ ይታጠባል። ውሃ ካለው ማለቴ ነው።

ባለፈው እሁድ የብሎካችን ስብሰባ ነበር፣ ስለ ጥበቃ ክፍያ። መጨረሻ ላይ ተነሳሁና ፓምፕ እንዳለኝ፣ ለሊት ለሊት እንደማበራው ተናገርኩ። ጸጥ አለ። እናታችን ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ጎንበስ ብለው የነጠላቸውን ጥለት ይዳብሳሉ። ከዛ አንዱ ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምን ነካህ ወንድሜ፣ አንተ ብታጠፋ ሌላው ይስበዋል፣ የእኔም አለ» አለኝ። ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። እናታችን ስንወጣ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና ምንም አላሉም፣ ደረጃው ድረስ ይዘውኝ ሄዱ።

ማክሰኞ ለሊት ውሃ መጣች። ከግድግዳው ማዶ የሌላ ሰው ፓምፕ ሲያጉረመርም ይሰማኛል፣ የእኔ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ትላለች፣ ሮቶው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ባለቤቴ በጨለማው «የልጆቹ ዩኒፎርም በምን ይታጠባል? ተነስና አብራው እንጂ» አለችኝ። እሷም እውነቷን ነው። እስከ 10 ሰዓት ዓይኔ ፈጦ ተኛሁ፣ ሶኬቱን አልሰካሁትም። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ለሊት ደግሞ ትመጣለች። በጸሎታችሁ አስቡኝ።