«ኩፍኝ ያላወጣ ልጅ የለም» እና ሌሎች የቡና ላይ ወሬዎች

ደሴ ላይ ቡናው በረካ ሲደርስ ወሬው ልጅ ላይ ማረፉ አይቀርም። ባለፈው ጎረቤት ቤት ስለ ክትባት ያልተባለ ነገር የለም።

«ኩፍኝ ሁሉም ልጅ የሚያወጣው ነው። ከቤት ይዋል፣ ቡና ይፈላለት፣ መርፌ ብቻ እንዳይነካው።»

ይሄን ያሉት አንዲት አያት ናቸው። እኔም ይሄንኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ግን ኩፍኝ ሽፍታው ሲከስም አያበቃም። ሳንባ ምች ያስከትላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ሰውነት ሌሎች በሽታዎችን መክቶ ያካበተውን አቅምም ያመናምነዋል፤ ልጁ ድኖ እንኳ ለወራት በትንሽ በትልቁ ይታመማል። ቫይረሱ ደግሞ ልጁ ከክፍሉ ከወጣ በኋላም አየሩ ላይ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። እንግዲህ ለዚያ ቡና ልጆቻቸውን አዝለው የሚመጡትን ጎረቤቶች አስቡት! የባሰው ግን «መርፌ አይንካው» የሚለው ነው፤ የታመመውን ልጅ ከጤና ጣቢያ የሚያስቀረው እሱ ነው። ለኩፍኝ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ እኮ አፍ ውስጥ ጠብ የሚደረግ ነው። ክትባቱ በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል።

«ይቺ ተከትባለች፣ ጠባሳዋ ይኸው።»

አያትዬዋ የልጅ ልጃቸውን እጅጌ ሰብስበው አሳዩን። ምስር የምታህል ጠባሳ። እሷ የቢሲጂ ናት፤ የምትከላከለው የሕፃናትን ከባድ ቲቢ ነው። ትክትክን፣ ፖሊዮን፣ ኩፍኝን አታውቃቸውም።

«የሰፈሩ ልጆች ከተከተቡ የእኔ ቢቀርስ?»

ለመንጋጋ ቆልፍ ይሄ ጭራሽ አይሠራም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍማ! ያለው አፈርና እበት ውስጥ ነው። እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ የተቆረጠ ጨቅላንም ይይዛል። ነፍሰ ጡር የምትከተበው ለዚሁ ነው፤ መከላከያው በእንግዴ ልጅ በኩል ለሕፃኑ ይደርሰዋል።

«መካን ያደርጋል።»

አያደርግም። ተከትበን አድገን ይኸው ቤቱ ሙሉ ልጅ ነው።

«ቀኑ አልፎኛል፣ ካርዱም ጠፍቷል። አሁን ብሄድ ይቆጡኛል፣ ከመጀመሪያም ያስጀምሩኛል።»

ይሄን ያለችው ከሰሉን የምታራግበው ልጅ እግር ናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ለቁጣው ዋስ አልሆንም። ቀን ስላለፈ ግን ከመጀመሪያ አይጀመርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ካርድ ቢጠፋም የከተቡት ሰዎች መዝገብ አላቸው።

አያትዬዋ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አብሽሪ፣ ነገ ይቺንም ይዤ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሏት።