ኤን-1 ምንድን ነው? ጨረቃ ሳይደርስ የቀረው የሶቪየት ሮኬት

ኤን-1 ሶቪየት ኅብረት ሰው ጨረቃ ላይ ለማሳረፍ የሠራችው ግዙፍ ሮኬት ነው። ቁመቱ 105 ሜትር ነበር። ነዳጅ ሲሞላ ክብደቱ ወደ 2,750 ቶን ይጠጋል። ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተተኩሶ አራቱንም ጊዜ ምሕዋር ሳይደርስ ወድሟል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው እርከን፣ ማለትም ሲነሣ የሚነደው የታችኛው ክፍል፣ ብቻውን 30 ሞተሮች ነበሩት። የአሜሪካው የጨረቃ ሮኬት የሳተርን 5 የመጀመሪያ እርከን ግን አምስት ብቻ። ለምን ይህን ያህል በዛ? መልሱ የሁለት ሰዎች ጠብ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያዋን ሳተላይት ስፑትኒክንና የመጀመሪያውን ጠፈርተኛ ጋጋሪንን ወደ ጠፈር የላከው መሐንዲስ ሰርጌ ኮሮሌቭ ነው። በአገሪቱ ተወዳዳሪ ያልነበረው የሞተር ሠሪ ደግሞ ቫለንቲን ግሉሽኮ። ኮሮሌቭ ኬሮሲንና ፈሳሽ ኦክስጅን ይሁን አለ። ግሉሽኮ መርዛማውን፣ ግን ለማከማቸት የሚመቸውን ነዳጅ ካልሆነ ሞተር አልሠራም አለ። በስታሊን ዘመን ሁለቱም ታስረው ነበር፤ ከዚያ ጊዜ የቆየ ቂምም ነበረባቸው። ዓይንና ናጫ ሆነው ቀሩ። ኮሮሌቭ ወደ ኒኮላይ ኩዝኔትሶቭ ዞረ። ኩዝኔትሶቭ የሚታወቀው በአውሮፕላን ሞተር ነው። ትልቅ የሮኬት ሞተር የመሥራት ልምድ ስላልነበረው አነስ ያሉትን በብዛት መደርደር ግድ ሆነ።

የሞተሮቹ ብዛት ብቻውን ሮኬቱን አልገደለውም። የገደለው በወጉ አለመፈተሹ ነው። አሜሪካኖች የሳተርንን የመጀመሪያ እርከን መሬት ላይ አስረው እያቀጣጠሉ ይፈትሹት ነበር። ሶቪየቶች ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ ለዚያ የሚሆን መሞከሪያ አልሠሩም። ሞተሮቹም አንድ ጊዜ ከተቀጣጠሉ በኋላ ለበረራ አይሆኑም። ስለዚህ ከስድስት ሁለቱን ይሞክራሉ። እነዚያ ካለፉ የቀሩት አራቱ ሳይቀጣጠሉ ይገጠማሉ። 30ዎቹ አንድ ላይ የሚነዱት በበረራው ዕለት ነው።

ውጤቱም ታየ። ጁላይ 3 ቀን 1969፣ አሜሪካኖቹን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው አፖሎ 11 ሊነሣ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ሁለተኛው ኤን-1 ከሶቪየቶቹ የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ ከባይኮኑር ተነሣ። የአንዱ ሞተር የኦክስጅን ፓምፕ ፈነዳ። መቆጣጠሪያው ሞተሮቹን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አጠፋቸው። ሮኬቱ ተመልሶ ማስወንጨፊያው ላይ ወድቆ ሁሉንም አጋየው። ደግነቱ ሰው አልሞተም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ሥራ መልካም መሆኑ ነው። ዕቅዱ ሁለት ኮስሞናቶችን (የሶቪየት ጠፈርተኞችን) መላክ ነበር። አንዱ በጨረቃ ምሕዋር ላይ ይቆያል። ሌላው ከመንኮራኩሩ ወጥቶ፣ በባዶ ጠፈር ተሻግሮ፣ ኤልካ ወደምትባለው ማረፊያ ይገባና ብቻውን ጨረቃ ላይ ይወርዳል። ለዚህ በቀዳሚነት ይታሰብ የነበረው አሌክሴ ሊዮኖቭ ነው። ኤልካ በ1970 እና 1971 ያለ ሰው በምድር ምሕዋር ሦስት ጊዜ ተሞክራ በደንብ ሠርታለች። የሚያደርሳት ግን ጠፋ።

ኮሮሌቭ ይህን አላየም። በ1966 ለቀዶ ሕክምና እንደገባ ሞተ። ቦታውን የያዘው ቫሲሊ ሚሺን በ1974 ተነሣና ግሉሽኮ ተተካ። ግሉሽኮም የኤን-1ን ሥራ አስቆመ። ሁለት ሮኬቶች ለበረራ እየተዘጋጁ ነበር። የተረፈው አካላቸው ባይኮኑር ውስጥ የመጠለያ ጣሪያ ሆነ። መንግሥት ስለዚህ ሁሉ በግልጽ ማውራት የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው።

ሞተሮቹ ግን ተረፉ። ኤንካ-33 የተባሉት የተሻሻሉት እንዲወድሙ ቢታዘዝም ኩዝኔትሶቭ መጋዘን ውስጥ አስቀመጣቸው። በ1990ዎቹ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከሞተሮቹ የተወሰኑትን ገዛ። በኤፕሪል 2013 አንታረስ የተባለው የአሜሪካ ሮኬት በሁለቱ ተገፍቶ ከቨርጂኒያ ምሕዋር ገባ። በ2014 ግን ሌላ አንታረስ በተነሣ በሰከንዶች ውስጥ ፈነዳ። አንታረስን የሚሠራው ኩባንያም በእነዚህ ሞተሮች መጠቀሙን ተወ። ሩሲያ ራሷ በዲሴምበር 2013 ይህንኑ ሞተር አንድ የሶዩዝ ሮኬት ላይ ገጥማ በተሳካ ሁኔታ አስወንጭፋለች።