ስለ ሌንስ ፊልተር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዩቪ ፊልተር ፎቶ ያጠራል»

ዩቪ ፊልተር ሌንስ ፊት የሚገጠም፣ አልትራቫዮሌት (ዩቪ) ጨረርን የሚያግድ መስታወት ነው። አባባሉ በፊልም ጊዜ እውነት ነበር። ፊልም አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚቀበል ሩቅ ያለ ተራራ ሰማያዊ ጭጋግ ለብሶ ይወጣ ነበር። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር (በፊልም ፋንታ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ግን ይህን ጨረር የሚያግድ መስታወት ከፊቱ አለው። ዛሬ ዩቪ የሚገዛው ሌንሱን ከጭረትና ከአቧራ ለመጠበቅ ነው። ለዚያ ይሆናል፤ ርካሹ ግን ጣጣ አለው። አንድ ምሽት ሠርግ ላይ ሻማ ሳነሳ፣ ጨለማው ላይ የተገለበጡ አረንጓዴ ነበልባሎች ተደርድረው አየሁ። ሌንሴ ተበላሸ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ፊልተሩን ፈትቼ ደግሜ ሳነሳ ጠፉ። ለካ የሻማው ብርሃን ከሴንሰሩ ተመልሶ ፊልተሩ ላይ እየነጠረ ነው! ማታ መብራት ፊት ለፊት ካለ ፍቱት።

«ፖላራይዘር ሰማይ ማጥቆሪያ ነው»

ፖላራይዘር ነጸብራቅ የሚቀንስ፣ ቀለበቱ የሚዞር ፊልተር ነው፤ ሰማይ ማጥቆር ትንሹ ሥራው ነው። ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ተቀምጣ መስታወቱ ላይ ዛፍና ፎቅ ብቻ ሲታይ፣ ሰያፍ ቆማችሁ የፊልተሩን ቀለበት ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ነጸብራቁ ይሳሳና ፊቷ ብቅ ይላል። ይህን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ልሥራው ማለት ራስን ማድከም ነው። ያልተቀባ ብረት ላይ ግን አይሠራም፤ የካህኑ የናስ መስቀል እንዳበራ ይቀራል። ሰማይም ቢሆን ደህና የሚደምቀው ፀሐይ በጎናችሁ ስትሆን ነው። በሰፊ ሌንስ ካነሳችሁ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ይነጣል። ስሜን ተራሮች ላይማ ሰማዩ በራሱ ጥልቅ ሰማያዊ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አታዙሩት።

«የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 50 ቁጥር ፊልተር ይወስዳል»

አይወስድም። 50 የሌንሱ የትኩረት ርቀት ነው፤ የፊልተር ቁጥር ግን የሌንሱ አፍ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የካኖን 50 ሚሜ 1.8 ኤስቲኤም 49 ይወስዳል፣ የኒኮን 50 ሚሜ 1.8ጂ ደግሞ 58። ሌንሱ ላይ ከ⌀ ምልክት አጠገብ ያለውን ቁጥር እዩ።

«ኤንዲ 1000 ለፀሐይም ይሆናል»

ይሄኛው ዓይን ያጠፋል። ኤንዲ 1000 የሚባለው ጥቁር ፊልተር ብርሃንን ወደ አንድ ሺህኛ ገደማ ያወርዳል። በ1/125 ሰከንድ የሚነሳው 8 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ጢስ ዓባይም እንደ ነጠላ ይለሰልሳል። የፀሐይ ፊልተር ግን የሚያሳልፈው መቶ ሺህኛውን ያህል ብቻ ነው፣ የማይታየውንም ጨረር ያግዳል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ እንደታየው ያለ ቀለበታዊ ግርዶሽ ስታነሱ፣ ፀሐይዋ ቀጭን ቀለበት ስትሆን እንኳ የፀሐይ ፊልተሩን ከሌንሱ ላይ አታንሱ።