«ሁለት ዓመት አውርተናል እኮ!» እና ሌሎች ስለ ቻት የምሰማቸው ስህተቶች

አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ከመስማቴ ብዛት የተነሳ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ትመጣለች ብዬ እጠብቃታለሁ። «ሁለት ዓመት በየቀኑ አውርተናል እኮ፤ እንዴት አላውቀውም?» ቁጥሩ ይለያያል። አንዱ ስድስት ወር ይላል፣ ሌላዋ አራት ዓመት። «እኮ» ግን አትቀርም።

ሥራዬ ሰዎችን ማማከር ነው። ብዙዎቹ ስለ እንቅልፍ ማጣት ወይም ስለ ትዳር ሊያወሩ ይመጡና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ስልካቸው ውስጥ ወዳለ ሰው ይዞራል። ዛሬ ሲያናድደኝ የቆየውን ሁሉ ልዘርግፈው። ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ፣ «እኮ»ዋን ግን ረጋ ብዬ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«የቻት ሱስ በሐኪሞች መዝገብ ላይ ያለ በሽታ ነው»

የለም። በዚህ ስም የተመዘገበ በሽታ የለም። ታሪኩ እንዲያውም ያስቃል። በ1995 ኢቫን ጎልድበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም «የኢንተርኔት ሱስ ሕመም» ብሎ ምልክቶቹን ዘርዝሮ ጻፈ። የጻፈው ለቀልድ ነበር፤ ባልደረቦቹ ለሁሉም ነገር የበሽታ ስም ማውጣታቸውን ሊያሾፍበት። ሰዎች ግን «እኔም አለብኝ» እያሉ ይጽፉለት ጀመር። በነዚያው ዓመታት ኪምበርሊ ያንግ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ደግሞ ነገሩን ከምር ይዛ ማጥናት ጀመረች። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የገባው የጌም ሱስ ነው። ቻት አልገባም።

ይህን ስናገር ደስ የሚለው ሰው አለ። «በሽታ ካልሆነማ!» ይለኛል። ስም ያልወጣለት ነገር አይጎዳም ያለው ማነው? እኔ ስሙ ላይ አልጣላም። በቀን ስንት ሰዓት ቻት እንደምታደርጉም መጀመሪያ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሌላ ነው። እንቅልፍ ቀርቷል? ሥራ ተበላሽቷል? ስለ ቆያችሁበት ሰዓት ለቤተሰብ ዋሽታችኋል? ለማቆም ሞክራችሁ አቅቷችኋል? ከአራቱ ሦስቱን «አዎ» ያለኝ ሰው የበሽታው ስም ምንም አያደርግለትም።

«የወጣቶች ችግር ነው»

እስቲ! ካጋጠሙኝ ከባድ ጉዳዮች አንዱ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው። ስልክ ላይ የቃላት ጨዋታ ሲጫወቱ ከተዋወቁት ሰው ጋር ሌሊቱን ሲጻጻፉ ያድሩ ነበር። ያመጣቻቸው ልጃቸው ናት። «እማዬን ምከሪልኝ» ብላኝ እኔ እያወራሁ እሷ ራሷ ስልኳን ሁለቴ አየች። እናትየው አይተዋታል። ምንም አላሉም፤ ፈገግ ብቻ አሉ።

«ብቸኛ ሰው ብቻ ነው የሚጠመደው»

ቤቱ በሰው የተሞላም ይጠመዳል፤ ሰው መሀል ተቀምጦ የሚያደምጠው ያጣ ስንት አለ።

«ስልኩን ከነጠቅነው ይለቀዋል»

ይህቺ የወላጆች ናት። አንድ አባት የልጃቸውን ስልክ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈው ሦስት ቀን ድል አደረጉ። በአራተኛው ቀን ልጁ በታናሽ እህቱ ታብሌት ገብቶ ሲያወራ ተያዘ። አባትየው ይህን ሲነግሩኝ እንደ ክህደት ነው። ለእኔ ግን የሚጠበቅ ነገር ነው።

የሚይዘው ዕቃው አይደለም። የሚይዘው መልሱ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። ስኪነር የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን በርግቦች ላይ አይቶታል። ርግቧ ቁልፉን በምንቃሯ ስትመታ እህል ታገኛለች። በስንተኛው ምት እንደሚሰጣት በማይታወቅበት ጊዜ ሳትታክት ትመታለች፤ እህሉ ጭራሽ ከቆመ በኋላም ቶሎ አትተወውም። አሁን «እየጻፈ ነው…» የምትለዋን ምልክት አስቡ። ብቅ አለች። ጠፋች። ደግሞ ብቅ አለች። ከዚያ ምንም። ሰው ስልኩን እንዴት ያስቀምጥ? ዋትስአፕ በ2014 መልእክቱ መነበቡን የሚናገሩትን ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች ሲያመጣ ተጠቃሚው ከመማረሩ የተነሳ ብዙም ሳይቆይ ማጥፊያ አበጀላቸው። እኔ ዘንድ «አይቶ ዝም አለኝ» እያሉ የሚያለቅሱት ብዙዎቹ ማጥፊያው መኖሩን አያውቁም።

ስለዚህ ከመንጠቅ በፊት አለመታወቁን ቀንሱት። ከጥሪ በስተቀር ኖቲፊኬሽኑን ሁሉ ዝጉ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ ለማንቂያ ደወል ተራ ሰዓት ግዙ። ለምታወሩት ሰውም ሰዓት ንገሩት፤ «ከምሽቱ አንድ እስከ ሁለት ነኝ፣ ከዚያ ውጭ አትጠብቀኝ» በሉት። ጓደኛ ከሆነ ይረዳል። ካኮረፈም አንድ ነገር አወቃችሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስጠላሉ፤ እጃችሁ ሳታዙት ኪስ ይገባል። አትደንግጡ። ያንን ሰዓት የሚሞላ ነገር ካላዘጋጃችሁ ግን ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ነው፤ ባዶውን ሰዓት ያው ስልክ ይሞላዋል።

«ሁለት ዓመት አውርተናል እኮ፤ አውቀዋለሁ»

መጣን።

አንዲት ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ መስታወቱ ወደ ላይ። በአካል አይታው የማታውቀውን ሰው ልታገባ ወስናለች። ቤተሰብ አልተስማማም። «ሁሉን ነገር ነው የማውቀው» አለችኝ። የልጅነት ውሻውን ስም ታውቃለች። አባቱ ለምን ጥሎ እንደሄደ ታውቃለች። በስንት ሰዓት እንደሚተኛ ታውቃለች።

«ሲናደድ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ኦፍላይን ይሆናል።»

«ኦፍላይን ሆኖስ?»

ዝም አለች። ቀጠልኩ። አስተናጋጅ ሲሳሳትበት እንዴት ነው የሚያናግረው? ገንዘብ ሲያጥረው ፊቱ ምን ይመስላል? ቃል የገባውን ሰዓት ያከብራል? አንቺ ታመሽ ተኝተሽ ምግብ ቢያርበት ምን ይላል? ተናደደችብኝ። እውነቷን ነው፤ ጥያቄዬ ጨዋነት አልነበረውም። ግን አንዱንም አልመለሰችም።

ቻት ላይ የምታውቁት ሰውየው ሊነግራችሁ የመረጠውን ነው። ያንንም አስቦ፣ ሰርዞ፣ አስተካክሎ ነው የላከው። ጆሴፍ ዋልተር የተባለ የተግባቦት ተመራማሪ በ1996 ይህን በደንብ አስቀምጦታል። ጸሐፊው መልካም ገጹን ይመርጣል። አንባቢው ደግሞ ያልተነገረውን ቦታ በራሱ ምኞት ይሞላል። «ይህን ሙዚቃ ከወደደ ደግ ሰው መሆን አለበት» እያለ። ከዚያ ጸሐፊው «አንተ እንዴት ደግ ነህ» ሲባል ደግ ሆኖ መጻፍ ይጀምራል። እንዲህ እየተቀባበሉ የሠሩት ሰው ከማንኛውም የጎረቤት ልጅ ይበልጣል። ይብለጣ! አብራችሁ ነው የፈጠራችሁት።

ምስጢሩስ? አዎ፣ ምስጢር ያወራል። ጆን ሱለር በ2004 እንደጻፈው ሰው ስክሪን ጀርባ ሲሆን ፊት ለፊት የማይደፍረውን ይናገራል። ዓይን የለም፣ ፊት የሚያጠቁር የለም። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት የአባቱን ታሪክ ነገራችሁ ማለት የተለየ እምነት ጣለባችሁ ማለት ላይሆን ይችላል። መቀራረቡ ውሸት ነው አላልኩም። ከመተዋወቅ ይቀድማል ነው የምለው፤ አንዳንዴ በብዙ ዓመት።

አሁን ያቺን «ሁለት ዓመት» ገልብጧት። ሳትገናኙ በቆያችሁ ቁጥር ክፍተቱን ስትሞሉ የከረማችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለት ዓመት እሱን ማወቂያ ብቻ አይደለም፤ የራሳችሁ ምናብ ያለ ተቆጣጣሪ የሠራበት ሁለት ዓመትም ነው። «እኮ» እዚህ ላይ ለእኔ ነው የምትመሰክረው።

የቴኦን ነገር የማያውቅ ካለ ላስታውስ። ማንታይ ቴኦ ስመ ጥር የኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር። በኢንተርኔትና በስልክ የሚያውቃት ፍቅረኛ ነበረችው፤ ለሰዓታት ያወሩ ነበር። በሴፕቴምበር 2012 ሞተች ተባለ፣ አገር አብሮት አዘነ። በጃንዋሪ 2013 ግን እንደዚያ የምትባል ሴት ኖራም እንደማታውቅ ተጋለጠ። ፎቶው የሌላ ሰው፣ ድምፁም የሌላ ሰው። «እንዴት እንዲህ ሞኝ ይሆናል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ለዚህ ሞኝ መሆን አያስፈልግም።

ደግሞ አጭበርባሪም አያስፈልግም። የራሴን ልንገራችሁ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ አይሲኪው የሚባል ቻት ነበር፤ በ1996 ወጥቶ በ2024 የተዘጋው። መልእክት ሲገባ «አ-ኦ!» ይላል። ያንን ድምፅ ዛሬ ብሰማ ልቤ ይደነግጣል። እዚያ ካገኘሁት ሰው ጋር ለአሥራ አንድ ወር በየማታው አወራን። ቀልዱ እንደ መትረየስ ነበር። በመጨረሻ ተገናኘን። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በፊት ጣሪያ የሚያይ ሰው ሆኖ አገኘሁት። እኔ ደግሞ ጠይቄ መልስ የማልጠብቅ ሆንኩበት፤ ይህን የነገረኝ ኋላ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወሬ አለቀብንና ሁለታችንም በር በር እናይ ጀመር። ቤት እንደገባሁ «አ-ኦ!» አለ። «ውይ፣ ምን ዓይነት ሰዓት ነበር!» ብሎ ጽፏል። እስከ እኩለ ሌሊት ሳቅን። ማንም አልዋሸም። ጣቱ ፈጣን የሆነ ሰው ምላሱም ፈጣን ነው ብዬ የደመደምኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ምክሬ አንድ ነው። መገናኘት የሚቻል ከሆነ ቶሎ ተገናኙ፤ በሳምንታት ውስጥ፣ ምስሉ ሳይደርቅ። ካልተቻለ ደግሞ ውሳኔያችሁን አዘግዩ። ሥራ መልቀቅ፣ አገር መቀየር፣ ቀለበት፣ ብድር፤ ሁሉም ከመገናኘት በኋላ።

«ቪዲዮ ኮል አድርገናል፤ እውነተኛ ነው»

ቪዲዮ ከምንም ይሻላል። ካሜራው ለወራት «የተበላሸበት» ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል። ግን በ2024 መጀመሪያ የተሰማውን አትርሱ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የድርጅት ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ አለቃውንና ባልደረቦቹን አይቶ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላለፈ። ስብሰባው ላይ ያያቸው ሁሉ በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎች ነበሩ። የሚያውቃቸውን ሰዎች እንኳን መለየት አልቻለም። እናንተ በአካል አይታችሁት የማታውቁትንስ?

«አጭበርባሪ ከአጻጻፉ ያስታውቃል»

ያስታውቅ ነበር፤ ድሮ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በ2023 እንዳለው በማይናማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ ደግሞ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች ተይዘው ኦንላይን ማጭበርበር እንዲሠሩ የሚገደዱበት ሁኔታ ውስጥ ሳይሆኑ አይቀሩም። «ደህና አደርሽ የኔ ፍቅር» የሚላችሁ ከፊቱ የተዘጋጀ ጽሑፍ፣ ከኋላው ዱላ ያለበት ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፊደል አትቁጠሩ። ከመገናኘታችሁ በፊት ገንዘብ ከተነሳ፣ ለሕክምና ይሁን ለትኬት ወይም «አብረን እንነግድ» በሚል፣ እዚያው አበቃ። ብሎክ።

«ኢንተርኔት ላይ የተዋወቁትን ሰው ማግኘት እብደት ነው»

ይህ ደግሞ የሌላኛው ጽንፍ ነው። በ2019 የወጣ የማይክል ሮዘንፌልድና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው አሜሪካ ውስጥ በ2017 ከተገናኙ ወንድና ሴት ጥንዶች 39 በመቶ ያህሉ የተዋወቁት ኦንላይን ነው። ሁሉም አብደው ነው? እብደት ካለ የምትገናኙበት መንገድ ላይ ነው።

ቀን ይሁን፣ ሰው ያለበት ቦታ ይሁን። በራሳችሁ ሂዱ፣ በራሳችሁ ተመለሱ፤ «መጥቼ ልውሰድሽ» አይሠራም። አንድ ሰው የት፣ ከማን ጋር፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆናችሁ ይወቅ፤ ፎቶውንና ስልኩንም ላኩለት። በመጨረሻ ደቂቃ ቦታ ከቀየረባችሁ ወደ ቤት ተመለሱ፣ ይቅርታ እንኳን አያስፈልግም። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ከወላጅ ጋር ካልሆነ አይሄድም። እዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ሌላው ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ይሁን፣ አስቀድማችሁም ተነጋገሩበት። ሰው የመጀመሪያውን ቀን እንደ ሠርግ ያዘጋጀዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ። ከዚያ የማያውቀው ሰው ጋር አሥር ሰዓት ታስሮ ይውላል። አንድ ሰዓት ሲሆን ጥሩ ከሆነ ትናፍቃላችሁ፣ መጥፎ ከሆነ ያልቃል።

«ተገናኝተን ካልተግባባን ጓደኝነቱ ውሸት ነበር»

ያ የአይሲኪው ጓደኛዬ ዛሬም ጓደኛዬ ነው። በአካል የተያየነው በጠቅላላው አራት ጊዜ ቢሆን ነው። አራቱንም ጊዜ እሱ ጣሪያ አየ፣ እኔ ለፈለፍኩ። ከአባቴ ሞት በኋላ ግን ካነበብኩት ሁሉ የሚሻለውን ደብዳቤ የጻፈልኝ እሱ ነው። ትናንት ማታም ጽፎልኛል። ጠዋት አየሁት፤ ይህን ስጨርስ እመልስለታለሁ።