ተጠቅመው የሚጥሉት ኮንታክት ሌንስ፦ የቀኑ ገደብና የሌሊቱ ጣጣ

ተጠቅመው የሚጥሉት ኮንታክት ሌንስ ውሃ የጠጣ ስስ ፕላስቲክ ነው። የሚቀመጠውም ኮርኒያ በሚባለው፣ ከዓይን ብሌን ፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ ነው። በብዛት የሚሸጠው በሦስት ዓይነት ሲሆን፣ የአንድ ቀን፣ የሁለት ሳምንትና የአንድ ወር ይባላል። «ስንት ቀን ላደርገው እችላለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር እየቀላቀለ ነው። አንደኛው ሌንሱ ከእሽጉ ከወጣ በኋላ ያለው ዕድሜ ነው፤ ሌላው ሳይወልቅ ዓይን ላይ የሚቆይበት ሰዓት ነው። ሳጥኑ ላይ «የአንድ ወር» ተብሎ የተጻፈው የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይደለም። አብዛኞቹ የወር ሌንሶች ማታ ማታ እየወለቁ፣ እየታጠቡና በፀረ ተህዋሲ ፈሳሽ ውስጥ እያደሩ ነው ወሩን የሚጨርሱት።

ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ እሽጉ ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ ነው። መነፅር የለመደና ሌንሱን ለእሑድና ለግብዣ ብቻ የሚያወጣ ሰው «ስምንት ቀን ብቻ ነው ያደረግሁት፣ ሃያ ሁለት ይቀረኛል» ቢል ሒሳቡ አይሠራም። ሌንሱ ማስቀመጫው ውስጥ ተኝቶም ያረጃል፤ ከእንባ የመጣው ፕሮቲንና ቅባት እላዩ ላይ ይደርቃል፣ ፈሳሹም ቀን በቀን ካልተቀየረ ኃይሉን ያጣል። በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ለሚያደርግ ሰው የአንድ ቀኑ ዓይነት በዋጋም ቢሆን ሊሻለው ይችላል። የአንድ ቀኑ ሌንስ ግን አጥቦ ለማሳደር የተሠራ አይደለም። ከሌሎቹ የሳሳ ነው፤ በእሽጉ ውስጥ ያለውም ጨዋማ ፈሳሽ ተህዋስ የሚገድል ነገር የለበትም። በእሱ ውስጥ መልሶ ማሳደር ማለት በለብታ ውሃ ውስጥ እንደማሳደር ነው።

ሌንሱ ጊዜው ማለፉን ሁልጊዜ በስሜት አያሳውቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ዘገባ መሠረት፣ እንግሊዝ አገር ሶሊሃል ውስጥ ለሞራ ቀዶ ሕክምና የቀረቡ የ67 ዓመት ሴት አንድ ዓይን ውስጥ ሐኪሞች በመጀመሪያ ተጣብቀው የጠጠሩ 17 ሌንሶች፣ ኋላም 10 ተጨማሪ አግኝተዋል። ሴትዮዋ ለ35 ዓመታት የሌንስ ተጠቃሚ ነበሩ። ይሰማቸው የነበረውን መቆርቆር የዕድሜና የዓይን ድርቀት ጉዳይ አድርገው ነበር የያዙት። (ብዙዎች እንደሚፈሩት ሌንስ ከዓይን ኳስ ጀርባ ሊሄድ አይችልም፤ ከዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ታጥፎ መንገዱን የሚዘጋው ሽፋን አለ። እጥፋቱ ሥር መደበቅ ግን ይችላል።)

ሌንስ መጣል ራሱ አዲስ ልማድ ነው። ለስላሳውን ሌንስ ለዓለም ያበረከተው ቼኩ ኬሚስት ኦቶ ቪችተርሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የገና ሰሞን፣ ቤቱ ውስጥ፣ ከልጆች የብረት መገጣጠሚያ አሻንጉሊትና ከብስክሌት ዲናሞ በሠራው መሣሪያ ነበር የመጀመሪያዎቹን ሌንሶች እያሽከረከረ ያወጣው። አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የተፈቀደው በ1971 ነው። ያኔ አንድ ጥንድ ሌንስ ውድ ዕቃ ነበርና ሰው ዓመትና ከዚያ በላይ ይገለገልበት ነበር። በብዛትና በርካሽ የማምረቻ ዘዴ ተገኝቶ፣ ሳምንት አድርጎ የሚጣለው ሌንስ የመጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የአንድ ቀኑ ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገበያውን ያዘ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሌሊቱ እንምጣ። ኮርኒያ ጥርት ብሎ እንዲታይበት ሲባል የደም ሥር የለውም። ስለዚህ ኦክስጅን የሚያገኘው በቀጥታ ከአየር ነው። ዓይን ሲጨፈን ግን የሚደርሰው ከቆቡ ውስጠኛ ገጽ ደም ሥሮች የሚሰርገው ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም ዓይን ሲገለጥ ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ነው። እዚያ ላይ ሌንስ ሲጨመር ኮርኒያው ያብጣል። እንባም በእንቅልፍ ጊዜ እንደ ልብ አይፈስም፤ በሌንሱና በዓይኑ መካከል የታፈነ ተህዋስ የሚጠርገው አጥቶ ይራባል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1981 አንዳንድ ሌንሶችን እስከ 30 ቀን ሳይወልቁ እንዲደረጉ ፈቅዶ ነበር። ስምንት ዓመት አልፎ፣ በ1989 የታተመ ጥናት ለስላሳ ሌንስ ቀን ብቻ ከሚያደርጉ 10,000 ሰዎች በዓመት 4 ያህሉ የኮርኒያ ቁስል ሲይዛቸው፣ ሳያወልቁ ከሚያድሩት ግን 21 ያህሉን እንደሚይዝ አሳየ። ገደቡም በዚያው ዓመት ወደ 7 ቀን ወረደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሊኮን የተቀላቀለበት፣ ኦክስጅን በደንብ የሚያሳልፍ አዲስ ሌንስ ሲመጣ ነገሩ ያለቀለት መሰለ፤ በ2001 እንደገና ለአንዳንዶቹ የ30 ቀን ፈቃድ ተሰጠ። እብጠቱ በእርግጥ ቀነሰ። ቁስሉ ግን አልቀነሰም። በ2008 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ቀን ብቻ ለስላሳ ሌንስ ከሚያደርጉ 10,000 ሰዎች 2 ያህሉ በኮርኒያ ልክፈት ሲያዙ፣ የሲሊኮኑን አድርገው ከሚተኙት 25 ያህሉ እንደሚያዙ አገኘ። ችግሩ የአየር ማነስ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ፈቃድ ያለው ሌንስ እንኳ ቢሆን፣ በእኔ አስተያየት ያለ ሐኪም ክትትል አድርጎ ማደር ለማንም አይመከርም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ በሚፈጀው በረራ ላይ እንቅልፍ የሚወስደው መንገደኛም ከሌሊቱ ሕግ አያመልጥም፤ የአውሮፕላኑ ደረቅ አየር ጉዳዩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም። በእጅ ሻንጣ መነፅር ይዞ መሳፈር ይሻላል።

በቀን ስንት ሰዓት? ለአብዛኛው ጤነኛ ዓይን ከ8 እስከ 12 ሰዓት የተለመደ ነው፤ አንዳንዱ ከዚያ በላይ ይችላል፣ ዓይኑ የሚደርቅበት ደግሞ ከዚያ በታች። ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው ዓይኑን ማርገብገብ ስለሚረሳ ሌንሱ ቶሎ ይደርቅበታል።

ከሌሊት ቀጥሎ የሌንስ ጠላት ውሃ ነው። የቧንቧም፣ የጉድጓድም፣ የመዋኛም ውሃ አካንታሚባ የሚባል አሜባ ሊኖርበት ይችላል፤ ሌንስ ላይ ተጣብቆ ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ሕመሙም ከባድ ነው። ሌንስ በውሃ አይታጠብም፣ በምራቅም አይረጥብም። ሻወር የሚገባ፣ የሚዋኝ፣ ፀበል የሚጠመቅ ሰው ሌንሱን አስቀድሞ ያውጣ። ፈሳሹም ቢሆን በየቀኑ ተደፍቶ በአዲስ ይተካል እንጂ በአሮጌው ላይ አይጨመርም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ 164 ሰዎች ፉሳሪየም በተባለ ፈንገስ መያዛቸው ሲረጋገጥ፣ ከወረርሽኙ ጋር የተያያዘው አንድ የታወቀ የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ከዓለም ገበያ ተሰብስቧል። ማስቀመጫው ራሱ ቢዘገይ በሦስት ወር ይቀየራል። እጅንም በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ወጥ የበላበትን ጣት ለይስሙላ አለቅልቆ ሌንስ የነካ ሰው በርበሬ ምን እንደሚያደርግ አንዴ ካየ አይደግመውም።

ለሠርግና ለፎቶ የሚደረገው ባለቀለም ሌንስም ከዚህ ሁሉ ነፃ አይደለም። የማየት ችግር ለሌለበት ሰው ቢሆንም የሕክምና ዕቃ ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሕግ እንዲህ ብላ መድባዋለች፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥም አይፈቀድም። ስፋቱና ጉብታው በዓይን ልክ ካልሆነ ኮርኒያን ይፍቃል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሙሽራዋ አውልቃ ለሚዜዋ ማዋሷ ነው።

ዓይን ሲቀላ፣ ሲያም፣ ብርሃን ሲፈራ ወይም እይታ ሲደበዝዝ ሌንሱ ያኔውኑ ይወጣል፤ «ነገ ይሻለኛል» ተብሎ አይታደርም። ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ኮርኒያን በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። የሚተወው ነጭ ጠባሳ እይታን ከጋረደ መፍትሔው የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2003 እንደተቋቋመው የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ባሉ ተቋማት በኩል፣ ከሞቱ በኋላ ዓይናቸው ለሌላ እንዲሰጥ ቃል ከገቡ ሰዎች የሚገኝ ነው። ከመድኃኒት ቤት ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ በራስ ገዝቶ መጨመር ቁስሉን ሊያባብስ ስለሚችል በዚያው ዕለት የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ሲሄዱም ሌንሱንና ማስቀመጫውን ሳይጥሉ፣ ሳያጥቡ መያዝ ነው፤ ላቦራቶሪ ከዓይኑ ያጣውን ተህዋስ ከማስቀመጫው የሚያገኝበት ጊዜ አለ።