የጎጃም ረግረጎችና በዳርቻው የሚኖሩ እንስሳት

ስለ ረግረግ መጥፋት ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው ውሃውን ነው። ጣና እስካለ ድረስ የጎደለ ነገር ያለ አይመስለውም። ወፉ የሚፈለፈለው፣ የዓሣው ጫጩት የሚደበቀው፣ ጉማሬው የሚግጠው ግን ዳር ላይ ነው፤ ደንገልና ፊላ በሚበቅልበት፣ ክረምት ውሃ በጋ መሬት በሚሆነው ጠርዝ። በጎጃም እያለቀ ያለው ይህ ጠርዝ ነው።

ከታወቁት ረግረጎች መካከል በባሕር ዳር ዙሪያ ይጋንዳና ኢንፍራንዝ፣ በግልገል አባይ መዳረሻ ጭምባ፣ በሜጫ ደግሞ ኩርት ባሕር ይገኙበታል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን ከነዙሪያው በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል።

ጉዳቱን በግልጽ የምታሳየው በራሷ ላይ ወርቃማ ላባ እንደ ዘውድ የቆመባት፣ ጥቁር አካል ያላት ረጅም እግር ወፍ፣ ባለ ዘውዷ ክሬን ናት። ጎጆዋን የምትሠራው ዙሪያውን ውሃ ከከበበው ሣር መካከል ሲሆን፣ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ጥላ ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ። አጥሯ ውሃው ነው። ረግረጉ በቦይ ሲጠነፈፍ ጎጆው እዚያው ይቀራል፤ ውሻም ከብትም እረኛም ግን እግሩ ሳይርስ ይደርስበታል። ወፏ ረጅም ዕድሜ ስላላት ለዓመታት ሜዳው ላይ ትታያለች፤ አብረዋት የሚሄዱ ጫጩቶች መጥፋታቸውን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ከአውሮፓ ለበጋ የሚመጡት ዘመዶቿ ቀን በእህል ቃርሚያ ላይ ይውላሉ፤ ሌሊቱን ግን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ማደር አለባቸው። ማደሪያው ከጠፋ የቃርሚያው መትረፍረፍ አይጠቅማቸውም።

በዓሣው በኩል፣ አምባዛ ክረምት ሲገባ እንቁላሉን የሚጥለው ጎርፍ በሸፈነው ሣር ውስጥ ነው። የቆረሶና የነጭ ዓሣ ጫጩቶችም በደንገሉ ሥር ከትላልቅ ዓሦችና ከወፎች ይሸሸጋሉ። ጉማሬ ደግሞ ሌሊት የሚግጠው የዳርቻ ሣር ሲታረስበት ወደ ማሳ ይወጣል፤ ከገበሬው ጋርም ይጣላል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአባይ መውጫ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ከፍታ ለውጧል። የውሃው ማፈግፈግ የገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት ይታረሳል። ባሕር ዛፍና ጫት ወደ ረግረጉ ገብተዋል፤ ከተማውም ይሰፋል። በእኔ እይታ ከሁሉም የሚከፋው ረግረጉን የሚያጠነፍፈው ቦይ ነው። የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለዘመናት ሲታጨድ ኖሯል፤ ከላይ ቢቆረጥም ሥሩ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ መልሶ ያቆጠቁጣል። ውሃው ተጠንፍፎ ሥሩ በማረሻ ከተገለበጠ ግን በቀጣዩ ክረምት እዚያ የሚታየው የጓያ ወይም የበቆሎ ማሳ ነው።