«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ»

ባለፈው ክረምት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ሥር፣ አንድ ወጣት የውሃ ቆጣሪ ፈትቶ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ሲወጣ ጥበቃው ያዘው። ቆጣሪው ነሐስ ነው፤ ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል፣ እኛ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ጀሪካን ተሸክመን ደረጃ እንወጣለን። የተሰበሰበው ሰው ግማሹ «ፖሊስ ይጠራ»፣ ግማሹ «መጀመሪያ ይቅመሳት» ይላል። አንዱ «ቂሊንጦ ቅርብ ነው፣ በእግሩ ይሂድ» ብሎ ቀለደ። ምድር ወለል ላይ የሚኖሩት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ልጁን ትክ ብለው አዩትና «ውይ ልጄ፣ በእንቁላሉ ጊዜ የቀጣህ የለም» አሉ።

ተረቱን የማያውቅ ጥቂት ነው። ሕፃን ልጅ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣል። እናት «ከየት አመጣኸው?» ሳትል ጠብሳ ታበላዋለች። እንቁላሉ ዶሮ፣ ዶሮዋ በግ፣ በጉ በሬ ይሆናል። በበሬው ተይዞ ስቅላት ይፈረድበታል። ገመዱ አንገቱ ላይ ሊገባ ሲል እናቱ ስታለቅስ አያትና «እናቴ ሆይ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!» አላት። የጥንት ግሪኮችም የዚህ ተረት ዘመድ አላቸው፤ የእነሱ ልጅ የሚሰርቀው የትምህርት ቤት ጓደኛውን የመጻፊያ ሰሌዳ ነው፣ መጨረሻ ላይም የእናቱን ጆሮ ይነክሳል። የኛው አልነከሰም፤ ቃሉ ግን ከጥርስ አይተናነስም።

ብዙ ሰው አባባሉን «ሌባን ቶሎ ቀጥቅጡ» ለማለት ይጠቀምበታል። እኔ አልስማማም። «በቀጣሽኝ» ውስጥ ያለችውን «ሽ» ልብ በሉ፤ ተናጋሪው ሌባው ነው፣ ተከሳሿ እናት ናት። መቅጣት ደግሞ መግረፍ ብቻ አይደለም። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ስንል ሥርዓት ያልያዘ፣ ሃይ ባይ ያጣ ማለታችን ነው። እናትየው እንቁላሉን አስመልሳው ብትመጣ ይበቃ ነበር።

ሕጉስ እንቁላሉን ይቆጥራል? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ላለው ዳኛው ተግሣጽ ሊሰጥ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል፤ የእናትየውን ሥራ መሥራት ነው እንግዲህ። ለአዋቂው አንቀጽ 67 አለ። ቀድሞ የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ወይም በይቅርታ ከወጣ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ፣ ቢያንስ 6 ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አስቦ ከፈጸመ «ደጋጋሚ» ይባላል። ለተራ ስርቆት ጣሪያው 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ደጋጋሚ ሲሆን ግን ዳኛው ከጣሪያው በላይ መውጣት ይፈቀድለታል። በሬው ላይ ሲደርስ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ሕጉ የሚቆጥረው የተፈረደበትን ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ በሽምግልና ያለቀ፣ በጥፊ የተሸኘ፣ «ልጅ ነው ተዉት» የተባለ ስርቆት መዝገብ ላይ የለም። አሥር ጊዜ የሰረቀ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ የመጀመሪያው ሊመስል ይችላል።

ጣቢያ ለቃል የሄድነው ሦስት ነበርን። መርማሪው «ከዚህ በፊት ተከሰህ ታውቃለህ?» ሲለው ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አላውቅም» አለ። እውነቱን ነው። ጥበቃው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አምና የደረጃውን አምፖል ሲፈታ ይዤው ነበር፤ ኮሚቴው ሁለት ጥፊ አቅምሶ ለቀቀው» አለኝ።

ማታ ቡና ላይ ይህንን ለእማማ ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ።

«አዎ፣ እኔም እዚያ ነበርኩ» አሉ። «ተዉት ያልኩት እኔ ነኝ።»